አምባዛን በእጅ ማስፈልፈል

ኩሬ ሲደርቅ ሌላው ዓሣ ያልቃል፤ አምባዛ ግን እርጥብ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ዝናብ ሊጠብቅ ይችላል። ጭንቅላቱ ውስጥ ቅርንጫፍ ያወጣ የመተንፈሻ አካል ስላለው አየር በቀጥታ ይስባል። ውኃ ለሚያጥረው አርቢ ከዚህ የተሻለ ዓሣ ማግኘት ይከብዳል።

ችግሩ እንቁላሉ ላይ ነው። ቆሮሶ ኩሬ ከገባ ወንዱ መሬቱን ጎድጎድ አድርጎ ይቆፍራል፣ ሴቷም እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታስፈለፍላለች፤ የሰው እጅ አይፈልጉም። አምባዛ የሚጥለው ግን ክረምት ሲገባ፣ ወንዝ ሞልቶ ዳር ያለውን ሣር ሲያጥለቀልቅ ነው። ኩሬ ውስጥ ያለች አምባዛ ሆዷ በእንቁላል ቢወጠርም አትጥልም።

ስለዚህ ጎርፉ የሚሰጣትን ምልክት ባለሙያው በመርፌ ይሰጣታል። ከሌላ የደረሰ አምባዛ ጭንቅላት የወጣ የፒቱታሪ ዕጢ ተፈጭቶ በጨው ውኃ ይበጠበጥና ጀርባዋ ሥጋ ላይ ትወጋለች። ከዚያ ሰዓት መቁጠር ነው፤ ውኃው 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ እንቁላሉ በ11 ሰዓት ገደማ ይደርሳል፣ 20 ዲግሪ ከሆነ ግን 21 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሆዷ ቀስ ብሎ ሲታሸ እንቁላሉ ደረቅ ሳፋ ላይ ይፈስሳል። ወንዱ ታሽቶ ዘሩን ስለማይሰጥ ይታረዳል። ዘሩ እንቁላሉ ላይ ይደረግና ንጹሕ ውኃ ተጨምሮ በላባ ይማሰላል። መፍጠን ያስፈልጋል፤ ውኃ የነካው ዘር ጉልበቱ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። እንቁላሉ ተጣባቂ ስለሆነ ወንፊት ላይ ሳይደራረብ ይዘረጋና ከ1 እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። የነጣው የሞተ ነው፤ ሳይለቀም ከቀረ ሻጋታው ደህናውንም ያጠፋል። ጫጩቶቹ ለ3 ቀን ያህል አስኳላቸውን ይመገባሉ፤ ከዚያ በኋላ ምግብ ካጡ እርስ በርስ ይበላላሉ።

ለጉራጌ ከተሞች ዋናው ጉዳይ ሙቀቱ ነው። አምባዛ የሚኖርበት ዝዋይ ሐይቅ 1,640 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን ቡታጅራ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ወልቂጤም ከሐይቁ ከፍ ትላለች። እንዲህ ባለ ቦታ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ውኃ የእንቁላሉን ጊዜ ያዛባል። ስለዚህ በየኩሬው ከመድከም ለሁለቱም ከተሞች የሚያገለግል አንድ ሞቅ ያለ ማስፈልፈያ ቤት ይበልጣል። ለሙያው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ብሔራዊው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ በሚወስደው መንገድ፣ ሰበታ ላይ ይገኛል።

ገበያውም መታሰብ አለበት። ናይጄሪያ ውስጥ አምባዛ ዋነኛው የእርባታ ዓሣ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ቅርፊት የለውም ብለው የማይበሉት ብዙ ናቸው። ኩሬ ለመቆፈር ያሰባችሁ፣ አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት ጫጩቱን ከየት እንደምታገኙና ለማን እንደምትሸጡ አጣሩ።