ባትሪ፣ ፀሐይና ሙቀት፦ በመተማ ቆላ ለመስክ መረጃ የሚሆን ታብሌት አመራረጥ

ከሐምሌ እስከ ኅዳር የመተማ ቆላ በእንግዳ ሰው ይሞላል። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚወርዱት የጉልበት ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ ሜዳ ላይ ስለሚያድሩ ካላዛርን ለምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ይጋለጣሉ። በሽታው ካልታከመ ይገድላል፤ ምልክቱ የሚታየው ደግሞ ብዙ ጊዜ ታማሚው ወደ ቀዬው ከተመለሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው የመጣበት ወረዳ፣ የሠራበት እርሻና የምርመራው ውጤት እዚያው ማሳው ላይ ካልተመዘገበ በኋላ ተከታትሎ ማግኘቱ አስቸጋሪ ይሆናል። ይህን ሥራ ወረቀት ለረጅም ዘመን ሠርቶታል። ታብሌት ሊተካው የሚገባውም ቢያንስ እንደ ወረቀቱ እኩለ ቀን ላይ የማይከዳ ሲሆን ነው።

የግዥ ዝርዝሮች አብዛኛውን ጊዜ በፕሮሰሰር፣ በሜሞሪና በካሜራ ይጀምራሉ። ለቅጽ መሙያ እነዚህ ወሳኝ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ኖኪያ 770 የተባለው የእጅ ኢንተርኔት ታብሌት 64 ሜጋባይት ሜሞሪ ብቻ ይዞ ድረ ገጽ ይከፍት ነበር፤ ዛሬ በገበያ ላይ ያለ ርካሽ ታብሌት ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በመተማ ሥራውን የሚገድበው ሙቀት ነው።

የተለመደው ሊቲየም-አዮን ባትሪ እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ኃይል ሊሰጥ ይችላል፤ ኃይል እንዲቀበል የሚመከረው ግን እስከ 45 ዲግሪ ብቻ ነው። አፕል ለአይፓድ ያስቀመጠው የአካባቢ ሙቀት ጣሪያ 35 ዲግሪ ነው። በመተማ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት የጥላው አየር ራሱ 40 ዲግሪን ያልፋል። በዚህ ላይ የስክሪኑ፣ የፕሮሰሰሩና የቻርጁ ሙቀት ሲደመር ባትሪው በቀላሉ 45ን ይሻገራል፤ ያን ጊዜ የመሣሪያው መቆጣጠሪያ ቻርጁን ያቀዘቅዛል ወይም ጭራሹን ያቆማል። ችግሩ የሚከረው የመብራት መስመር በሌለበት እርሻ ላይ ነው፤ የፀሐይ ፓነል አብዝቶ የሚያመነጨው ባትሪው መቀበል በማይገባው በዚያው በሞቃቱ ሰዓት ነውና።

እንግዲህ ታብሌቱን በቀጥታ ከፓነሉ ጋር ማገናኘት በዚህ አካባቢ የተሳሳተ አሠራር ነው። የሚሻለው መካከለኛ ባትሪ ነው፦ ፓነሉ ፀሐይ ላይ፣ ባትሪው በረጅም ገመድ ጥላ ውስጥ፣ ታብሌቱ ደግሞ ሌሊት ከእርሱ ይሞላል። ባለ 5,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የታብሌት ባትሪ በ3.7 ቮልት 18.5 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ባለ 10 ዋት ፓነል በተግባር 6 ዋት ቢሰጥና ሲሶው በመተላለፊያ ቢባክን፣ ይህን ለመሙላት አምስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይበቃል። በነሐሴ ደመና ግን ስሌቱ ይለወጣል፤ ፓነሉ የሚገዛው በሚያዝያ ፀሐይ ሳይሆን በነሐሴ ደመና ተለክቶ መሆን አለበት። በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ ለተራዘመው አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከታብሌቶቹ ጋር ፓወር ባንክም ተገዝቶ ነበር። ለሌላው አካባቢ የመብራት እጥረት ማካካሻ የሚሆነው ይህ ዕቃ፣ ለቆላው የሙቀት መከላከያም ነው።

ስክሪኑ ከዚህ ጋር ይጋጫል። የቀጥታ ፀሐይ ብርሃን 100,000 ለክስ ገደማ ይደርሳል፤ ስክሪኑ ከዚህ 5 በመቶውን በትኖ ቢያንጸባርቅ ወደ 1,600 ኒት የሚጠጋ ነጸብራቅ ይፈጠራል፤ 400 ኒት ያለው የተለመደ ስክሪን በዚያ ውስጥ ይጠፋል። ብሩህ ስክሪን መግዛት የመጀመሪያው ሐሳብ ይሆናል፤ ነገር ግን ብርሃኑ ባትሪውን ይጨርሳል፣ አካሉንም ያግላል፣ የጋለው መሣሪያ ደግሞ ራሱን ለማዳን ስክሪኑን ያደበዝዛል። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች የመጣው ኤክስኦ ላፕቶፕ ይህን በሌላ መንገድ ፈትቶት ነበር፤ ስክሪኑ የፀሐይን ብርሃን መልሶ በማንጸባረቅ ያለ ውስጥ መብራት በጥቁርና ነጭ ይነበባል። በገበያ ላይ ያሉት ታብሌቶች ይህን መንገድ አልተከተሉም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለመዝጋቢው ዳስ ወይም ዛፍ ጥላ ማዘጋጀት ውድ ስክሪን ከመግዛት ይሻላል፤ ጥላው ባትሪውንም ያቀዘቅዛልና።

አቧራን በሚመለከት አይፒ67 የሚል ደረጃ ያለው መሣሪያ አቧራ ፈጽሞ አያስገባም፤ በ1 ሜትር ውኃ ውስጥም 30 ደቂቃ ይቆያል። ለዋልካ አፈር ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን የታሸገ አካል ሙቀቱንም ያሽጋል፤ በላዩ ወፍራም የጎማ ሽፋን ሲደረብበት ይብሳል። ሽፋኑ ለጉዞ ይሁን፤ ቻርጅ ሲደረግ ይውለቅ።

ለአረም ወቅት ደግሞ ዝናብ አለ። የዛሬው የንክኪ ስክሪን የውኃ ጠብታን እንደ ጣት ቆጥሮ ያልተነካ መልስ ሊመርጥ ይችላል፤ የኖኪያ 770 በብዕር የሚጫን ስክሪን ይህ ችግር አልነበረበትም። ባለ ዋይፋይ ብቻ ታብሌት ርካሽ ነው፤ ሆኖም በአንዳንድ ሞዴሎች ጂፒኤሱም አብሮ ይቀራል፤ የእርሻውን ቦታ ለሚፈልግ ጥናት ይህ ቁጠባ ኪሳራ ነው። ሲም ካርድ ያለው ደግሞ ኔትወርክ በሌለበት እርሻ ምልክት ሲፈልግ ባትሪውን ይበላል፤ በድንበሩ አጠገብም የሱዳንን ኔትወርክ ሊይዝ ይችላል። መረጃው በመሣሪያው ውስጥ ተይዞ ከተማ ሲገባ ብቻ እንዲላክ ማድረግና እስከዚያው ሲሙን መዝጋት ሁለቱንም ያስቀራል።

ግዥ የሚፈጽም የጥናት ቡድን ብዙ ከመግዛቱ በፊት አንድ ናሙና በሚያዝያ ወደ መተማ ወስዶ በየሰዓቱ የባትሪውን መጠንና ሙቀት ቢመዘግብ፣ ከአምራቹ ዝርዝር የማያገኘውን መልስ በአንድ ሳምንት ያገኛል።