ፊትን የሚያስረጀው የገዳሪፍ ሙቀት አይደለም

ከጎንደር በመተማ ዮሐንስ አድርጎ ድንበር ተሻግሮ ወደ ሱዳኖቹ ገላባትና ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ላይ ሦስት ወሬዎች አብረው ይጓዛሉ። አንደኛው ጥቁር ቆዳን ፀሐይ ስለማይበላው ፊትን በየቀኑ መንከባከብ የፈረንጅ ጣጣ ነው ይላል። ሁለተኛው ፊትን የሚያስረጀው የቆላው ሙቀት ነው፤ ደጋ የወጣ ሰው ፊቱ ይመለስለታል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «የሱዳን ክሬም» ማድያትን በሳምንት አጥፍቶ ዕድሜ ይቀንሳል የሚለው ነው። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት አለበት። ሁለተኛው ነገሩን ገልብጦታል። ሦስተኛው ሰው እየጎዳ ነው፤ ብዕር ያስነሳኝም እሱ ነው። መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ይህን ወሬ ሰምቶ ዝም ማለት የለበትም።

ቆዳ በዕድሜ እንደሚሳሳ፣ ወዙ እንደሚቀንስ፣ ሴቶች ካረጡ በኋላም ድርቀቱ እንደሚብስባቸው የታወቀ ነውና አልዘገይበትም። ይልቅ ክንድዎን አንሥተው ከውስጥ በኩል፣ ብብትዎ አጠገብ ያለውን ቆዳ ይመልከቱ። ከዚያ በመስታወት ጉንጭዎን ይዩ። ሁለቱም ከእርስዎ ጋር የተወለዱ፣ አንድ ደም የሚመግባቸው፣ አንድ ምግብ የበሉ ናቸው። የክንድዎ ልስልስ፣ ቀለሙም አንድ ወጥ ሆኖ ጉንጭዎ ላይ ነጠብጣብና ሽብሽባት ካለ፣ ልዩነቱን በዋናነት ያመጣው የፀሐይ ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» የተባለው የሕክምና መጽሔት የአንድ የ69 ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር ፎቶ አውጥቶ ነበር። ሰውየው ለ28 ዓመት ዕቃ ሲያመላልስ ፀሐይ በግራ መስኮቱ በኩል ፊቱን ስትመታው ኖራለች። የግራ ጉንጩ ከቀኙ ይልቅ ወፍሮ፣ በጥልቅ ተሸብሽቦና ተንጠልጥሎ ይታያል። የመኪና የጎን መስታወት አጭሩን የአልትራቫዮሌት ጨረር ይከለክላል፤ ረጅሙን ግን ብዙውን ያሳልፋል፤ ወደ ቆዳ ጠልቆ የሚገባውም ይኸው ረጅሙ ነው። በጎንደርና በመተማ መንገድ የሚመላለሱ ሾፌሮቻችንም መሪያቸው በግራ ነው።

ስለ ሙቀቱ እንነጋገር። ገዳሪፍ ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከዝናቡ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቷ 40 ዲግሪን ያልፋል። ጎንደር ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሲመሽ ጋቢ ያስፈልጋል። ከቆላ የተመለሰ ሰው «ደጋ ገባሁ፣ ከፀሐይ ተገላገልኩ» ይላል። አልተገላገለም። አልትራቫዮሌት ጨረር አያሞቅም፣ አይታይም፣ ሲያርፍብን አይሰማንም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ እየበረታ ይሄዳል፤ ምክንያቱም የሚያጣራው አየር እየሳሳ ነው። ሰማዩ እኩል ከጠራ፣ በዚያው ሰዓት የጎንደር ፀሐይ ከገዳሪፍ ፀሐይ የበለጠ ጨረር ታወርዳለች፤ ነፋሻ ስለሆነ ብቻ ሰው ባርኔጣውን ያወልቃል። ገዳሪፍም ብትሆን በሰሜን ኬክሮስ 14 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 20 እና በነሐሴ 10 አካባቢ፣ ቀትር ላይ ልክ አናቷ ላይ ትቆማለች። ሙቀትን ጨርሶ ነፃ አላወጣውም፤ በገዳሪፍ ገበያ ቀኑን ሙሉ ከሰል ምድጃ ላይ ጎንበስ ብለው ሻይና ቡና የሚሸጡ ኢትዮጵያውያት እህቶቻችን ማድያታቸው በእሳት ወላፈን ይብስባቸዋል። ሽብሽባቱን በዋናነት የሚያመጣው ግን ጨረሩ ነው።

ጨረሩ ይህን እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ያስረዳልና ቀስ ብለን እንየው። ከላይኛው ስስ ሽፋን በታች ያለው የቆዳችን ክፍል፣ ውኃው ቢወጣለት፣ ከክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ኮላጅን ረጅምና ጠንካራ ክር ነው። ክሩን የሚሠሩት ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት በክሮቹ መካከል ተዘርግተው፣ ክሮቹን ይዘው፣ በክሮቹ ተወጥረው ይኖራሉ። ሸማኔ ድሩ ካልተወጠረለት መሸመን አይችልም፤ ፋይብሮብላስትም እንደዚያው ነው። ውጥረቱን ሲያጣ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር አዲስ ክር መሥራቱን ይቀንሳል።

ክሩን ማን ይቆርጠዋል? የራሳችን አካል። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጋሪ ፊሸርና ጆን ቮርሂስ የሚመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1996 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ያወጣው ሥራ ይህን በሰው ቆዳ ላይ አሳየ። ጨረሩ ሕዋሱን ሲመታ ውስጡ ለጠብ የቸኮሉ የኦክስጅን ዓይነቶች ይፈጠራሉ። እነሱ ኤፒ-1 የተባለውን የዘረመል መቀስቀሻ ያነቃሉ። እሱ ደግሞ ሜታሎፕሮቲኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች እንዲመረቱ ያዛል፤ ኮላጅንን የሚቆራርጡት እነዚህ ናቸው። በመሠረቱ ጠላቶቻችን አይደሉም። ቁስል ሲጠግን የተበላሸውን ክር ጠርገው ለአዲሱ ቦታ የሚያዘጋጁ ሠራተኞች ናቸው፤ ፀሐይ ግን ቁስል በሌለበት ትጠራቸዋለች። ከሁሉ የገረመኝ የመጠኑ ነገር ነው። ኢንዛይሞቹን ለመቀስቀስ ቆዳ መቃጠል አይኖርበትም፤ ነጭ ቆዳን እንኳ ለማቅላት የማይበቃ ትንሽ ጨረር ይበቃል። በዚያው ጊዜ አዲስ ኮላጅን መሥራትም ይቀንሳል።

አካል የተቆረጠውን ይጠግናል፤ ግን እንደነበረ አድርጎ አይደለም። ከእያንዳንዱ ጥገና በኋላ ለዓይን የማይታይ ጉድለት ይቀራል። በቆዳችን ውስጥ ካለው ኮላጅን ግማሹ ለመተካት 15 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅበት የዛሬ ቁራጭ ለረጅም ጊዜ እዚያው ተጋድሞ ይቆያል። ቁራጭ ሲበዛ ፋይብሮብላስቱ የሚወጠርበትን ያጣል። ውጥረቱን ሲያጣ ከመሸመን ይልቅ ቆራጩን ኢንዛይም ማምረት ያበዛል፤ ያ ኢንዛይም ሌላ ክር ይቆርጣል። አንዴ ከተጀመረ ራሱን በራሱ ያስኬዳል። በ60 ዓመት ፊት ላይ የምናየው ሽብሽባት የአንድ ክረምትና በጋ ሥራ ሳይሆን ለአርባና ሃምሳ ዓመት በየቀኑ የተቆረጠ ክር ነው። «በየቀኑ» የሚለውን ቃል የማጠብቀውም ለዚህ ነው፤ ጉዳቱ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚደርስ መከላከሉም በየቀኑ መሆን አለበት።

ይህ በተግባር ተፈትኗል። በአውስትራሊያ፣ ኩዊንስላንድ፣ ናምቡር በምትባል ከተማ ከ55 ዓመት በታች የሆኑ 903 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ በየቀኑ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) እንዲቀባ፣ ገሚሱ እንደ ልማዱ እንዲቆይ ተደረገ። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ የእጃቸው ጀርባ ቆዳ ሲመረመር፣ በየቀኑ የተቀቡት ላይ የታየው እርጅና በ24 በመቶ ያነሰ ነበር። ሙከራው እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 ተካሂዶ የእርጅናው ውጤት በ2013 ታተመ። በዚያው ሙከራ አብሮ የተፈተነው የቤታ ካሮቲን ክኒን ለቆዳው ያደረገው ለውጥ አልታየም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በሙያችን ውስጥም ክርክሩ የሚበረታው እዚህ ነው። የናምቡር ሰዎች በአብዛኛው ነጮች ናቸው። ውጤቱን እንዳለ አንሥቶ ለመተማ ሰው «24 በመቶ» ማለት ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣ ልኬት የጥቁሮች የላይኛው ቆዳ ከአጭሩ ጨረር 7.4 በመቶውን ብቻ ሲያሳልፍ የነጮቹ 24 በመቶ አሳልፏል፤ ከረጅሙ ደግሞ 17.5 በመቶ ለ55 በመቶ ነበር። ሜላኒን ትልቅ ጥላ ነው፤ ጥቁር ፊት ላይ ሽብሽባት የሚዘገየው በዚህ ነው። ግን 17.5 ዜሮ አይደለም፤ ሰሊጥ አጭዶ ነዶውን ሲያቆም ለሚውል ሠራተኛማ ብዙ ነው። ደግሞም ሐበሻ ሁሉ አንድ ቆዳ የለውም። (እኛ ባለሙያዎች ቆዳን ከአንድ እስከ ስድስት የምንከፍልበት የፊትዝፓትሪክ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1975 የተጀመረው ለብርሃን ሕክምና መጠን ለመወሰን፣ ለነጮች ብቻ ታስቦ ነበር፤ አምስተኛውና ስድስተኛው በኋላ ተጨመሩ። የድንበሩን ሰው ሁሉ በአንዱ ቁጥር መፈረጅ አልወድም።) ሰንስክሪን ጥቁር ሰውን ከቆዳ ካንሰር ያድናል የሚለውም ማስረጃው ደካማ ስለሆነ በዚያ አላስፈራራም።

ማድያት ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ ላይ እርጅና አስቀድሞ የሚታየው በሽብሽባት ሳይሆን በቀለም ነው፤ ጉንጭና ግንባር ላይ ይጠቁራል፣ አንድ ወጥ መሆኑ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በዓይናችን የምናየው ተራ ብርሃን ራሱ ጥቁር ቆዳን አጥቁሮ ጥቁረቱ ለሳምንታት እንደሚቆይ፣ ነጭ ቆዳ ላይ ግን ይህ እንዳልታየ አሳይቷል። ተቀብተው የማይታዩት ሰንስክሪኖች ይህን ብርሃን አያስቆሙም። የሚያስቆሙት የብረት ኦክሳይድ ያለባቸው፣ ቡናማ ቀለም ያላቸው ናቸው። ማድያት ያለበት ሰው ገንዘብ የሚያወጣ ከሆነ በዚህኛው ላይ ያውጣ።

አሁን ወደ «ሱዳን ክሬሙ» እንመለስ። ፊት ለማቅላት ከሚሸጡት ውስጥ የሚገኙት አደገኛ ነገሮች በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ሜርኩሪ፣ ሃይድሮኪኖንና እንደ ክሎቤታሶል ያሉ ብርቱ ስቴሮይዶች። ሜርኩሪ ሜላኒን የሚሠራውን ኢንዛይም ያግዳል፤ ግን በቆዳ አልፎ ኩላሊት ይገባል። ናይሮቢ ውስጥ ያሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1972 ኩላሊታቸው ፕሮቲን የሚያፈስባቸውን ሕሙማን ሲመረምሩ ብዙዎቹ የማቅያ ክሬም ተጠቃሚዎች ሆነው አግኝተዋቸዋል። በዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸው የመዋቢያ ምርቶች ከገበያ እንዲወጡ ተወስኗል፤ ስም የሌለው ብልቃጥ ግን ስምምነት አያነብም። ሃይድሮኪኖን በሐኪም ትእዛዝ፣ በልክና ለተወሰኑ ወራት ከሆነ የታወቀ የማድያት መድኃኒት ነውና በጅምላ አላወግዘውም። ለዓመታት ሲቀቡት ግን ጉንጭ አጥንት ላይ ሰማያዊ ጥቁር፣ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ ነጠብጣብ ያወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተገለጸው ይህ ጉዳት ለማጥፋት እጅግ አስቸጋሪ ነው። አገሪቱም እ.ኤ.አ. በ1990 ሃይድሮኪኖንን ከመዋቢያ ከልክላለች።

ስቴሮይዱ በመጀመሪያው ሳምንት ፊትን ያጠራል፣ ያለሰልሳል፤ ገዢውን የሚያሳምነው ይህ ነው። ከውስጥ የሚሠራው ግን ፋይብሮብላስቱን ሥራ ማስፈታት ነው። ፀሐይ ክሩን ስትቆርጥ ስቴሮይዱ ሸማኔውን ያስቆመዋል። ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ፊት ደም መስሎ ይቀላል፣ ቡግር ይወጣል። በዚያ ላይ ሜላኒኑ ተገፎ፣ አናት ላይ በምትቆም ፀሐይ ሥር፣ ባዶ ፊት ይዞ መውጣት አለ። ዕድሜ ይቀንሳል የተባለው ክሬም እርጅናን የሚያፋጥነው በእነዚህ መንገዶች ነው። ተጠቃሚውን ከጣቱ መለየት ይቻላል፤ ፊቱና እጁ ነጥቶ የጣቶቹ አንጓ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ስለ ጢስ መሞቅም ይጠየቃል። ሱዳኖቹ በጠልህ እንጨት የሚሞቁት ዱኻን፣ የእኛዎቹ የሚገቡት የወይባ ጢስ፣ ሁለቱም ገላ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ፊት ውጭ የሚቀርባቸው ናቸው። ለገላ የሚሰጡትን ሽታና ልስላሴ አልነካም። ፊትን ወጣት ያደርጋሉ የሚለው ግን መሠረት የለውም። ለጋ ቅቤም እርጥበት ይይዛል፤ ጨረር አይከለክልም።

እንግዲህ በየቀኑ የሚደረገው ጥቂት ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ መፈለግ፣ ሰፊ ክብ ባርኔጣ ማድረግ፤ ነጠላ ከሆነ አንድ እጥፉ ብዙ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ደርቦ መከናነብ። በልብስ ሳሙና ፊት አለመታጠብ። ከታጠቡ በኋላ ፊት ሳይደርቅ ስስ ቫዝሊን መቀባት፤ ከውድ ቅባቶች ብዙዎቹ እርጥበት በመያዝ አይበልጡትም። ኮላጅን ያለበት ክሬም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ በጤነኛ ቆዳ አያልፍም። ትሬቲኖይን የተባለው ቅባት ኮላጅንን መልሶ እንደሚያሠራ ተረጋግጧል፤ ግን ያስቆጣል፣ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም፤ በሐኪም ይሁን። በኡም ራኩባ ዓይነት የስደተኛ መጠለያ ላለ ሰው ይህ ሁሉ ቅንጦት ነው የሚሉኝ አሉ። ጥላና ቫዝሊን ቅንጦት አይደሉም፤ ለመጠለያ በሚመደበው ዕርዳታ ውስጥ ጥላ መኖሩ የቆዳም ጤና ነው።

የስቴሮይድ ክሬም ለወራት የተቀባ ሰው በአንድ ቀን እንዳያቆም። ሲቆም ፊት ያቃጥላል፣ ይቀላል፣ ሽፍታ ያወጣል፤ ሻጩም «አየህ፣ ያለሱ አይሆንልህም» ይላል። ያ መቃጠል ክሬሙ ይጠቅም እንደነበር አያሳይም፤ ቆዳው ክሬሙን መልመዱን ነው የሚያሳየው፤ ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ቆይቶ ይበርዳል። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ቱቦውን ወይም ብልቃጡን ባዶም ቢሆን ይያዙ፤ ሐኪሙ ክሬሙን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያስቀንስዎትና ኩላሊትዎን መመርመር ይኖርበት እንደሆነ የሚወስነው እሱን አይቶ ነው።