የክረምት መግቢያና የደቡብ ሐይቆች ዓሣ

ግንቦት አልፎ ሰኔ ሲጠባ የአገራችን ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን አሰናድቶ ዐይኑን ወደ ደመናው ያቀናል። በዚህ ወር የሰነፈ ሰው በመኸር ጊዜ እጁን አጣጥፎ የሌላውን ጎተራ ለማየት ይገደዳልና። ነገር ግን የክረምት መግቢያ የዘር ወራት የሚሆነው ለምድር ብቻ አይደለም፤ ለውኃም ነው። ገበሬው ዘሩን ወደ አፈር በሚጥልበት ሰሞን በደቡብ ሐይቆቻችን ያለው ዓሣም ዘሩን ለመተካት ወደ ዳርና ወደ ወንዝ አፍ ይቀርባል። ገበሬ ለዘር ያኖረውን እህል ወደ ወፍጮ ቢልክ ሰው ሁሉ ይፈርድበታል፤ የዓሣው ዘር ወደ ገበያ ሲወጣ ግን የሚያስተውለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ የዓሣን ነገር ለቤተ ሰብ በሚጠቅም መልክ ለማውራት አሰብን።

ባለፈው ክረምት መግቢያ በሰኔ ወር መጨረሻ ወደ ሐዋሳ ወርደን ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ሲዘንብ አድሮ፥ ሲነጋ ሐይቁ እንደ መስታወት ጸጥ ብሎ ጠበቀን። አሞራ ገደል ከሚባለው ስፍራ ስንደርስ ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ወደ ዳር ይጠጉ ነበር። ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን ወደ ማታ ዘርግተው ያድሩና ጎሕ ሲቀድ ይሰበስቡታል። ከዳር ሆነው የሚቀበሏቸው ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ አባ ኮዳ የሚባለው ራሰ በራ ታላቅ ወፍ እንደ ቀረጥ ተቀባይ በተርታ ቆሞ ድርሻውን ይጠብቃል።

ከአንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ዘንድ ቀርበን፥ «እንዴት አደሩ አባቴ? ውኃው እንዴት ሰነበተ?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም፥ «እግዚአብሔር ይመስገን ልጆቼ፤ ውኃው ሰጥቶናል፤ ነገር ግን እናቶቹን ነው የሰጠን» ብለው ወደ ጀልባቸው ወለል አመለከቱን። በዚያም በተያዙት ዓሦች መካከል ቢጫ የሆኑ ጥቃቅን ዕንቁላሎች እንደ ጥራጥሬ ፈሰው አየን። የሽማግሌውን ነገር ለመረዳት የዓሣውን ጠባይ ማወቅ ያሻል።

ቆሮሶ፥ በሳይንስ ሰዎች ዘንድ ቲላፒያ የሚባለው፥ በሐዋሳና በሌሎቹም የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከሚሰገረው ዓሣ ሁሉ የበዛውና በገበያ የሚወደደው ነው። ይህ ዓሣ በዓመቱ ውስጥ በየጊዜው ቢራባም፥ በሐዋሳ ሐይቅ መራባቱ የሚበረታው በበጋው እኩሌታና በክረምቱ ወራት ነው። ወንዱ ውኃው ጐድሎ ጭቃው ለስላሳ በሆነበት በዳር በኩል ጐድጓዳ ጎጆ ይቈፍራል። ሴቲቱ በዚያ ዕንቁላሏን ከጣለች በኋላ መልሳ በአፏ ትለቅመዋለች። ዕንቁላሉ እስኪፈለፈልና ግልገሎቹ ለመዋኘት እስኪጠኑ ድረስ በአፏ ይዛ ትጠብቃቸዋለች፤ በዚህም ጊዜ እንደ ወትሮው አትመገብም። ግልገሎቹ ከወጡ በኋላ እንኳ የሚያስፈራ ነገር ባዩ ጊዜ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ። እንግዲህ እንዲህ ያለችው እናት በመረብ ተይዛ ስትጨነቅ በአፏ ያለውን ሁሉ ትተፋለች። በጀልባው ወለል ላይ ያየነው ይኸው ነበር። አንዲት ዓሣ ተያዘች ስንል በርሷ ምክንያት የጠፋው ቤተ ሰብ ነው ማለት ነው።

አምባዛ የሚባለው ጺማም ዓሣ ጠባዩ ሌላ ነው። እርሱ በአፉ ልጅ አያሳድግም፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ወርዶ የሐይቁ ዳርና የወንዙ አፍ ሲጥለቀለቅ፥ በውኃ ወደ ተሸፈነው ሣር እየወጣ ዕንቁላሉን ይጥላል። ከውኃ ውጭ ያለውን አየር ለመሳብ የሚያስችል ብልት ስላለው፥ ሌላው ዓሣ በማይኖርበት ረግረግ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ቢልጫ ደግሞ ወንዝን ይመርጣል። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ሽቅብ ወጥቶ ጠጠራማ በሆነ ስፍራ ይራባል፤ ከዚያም ወደ ሐይቁ ይመለሳል። በዚህ ሰሞን በወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት ብዙ ሊያገኝ ይችላል፤ ያገኘው ግን ለመውለድ በመንገድ ላይ የነበረውን ሁሉ ነው። በጣና ሐይቅ ሽቅብ እየወጡ የሚራቡት የነጭ ዓሣ ወገኖች በብዙ ከቀነሱበት ምክንያት አንዱ ይህ የወንዝ አፍ መረብ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ የደቡብ ሐይቆች ሁሉ አንድ ዓይነት አይምሰሉህ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚገኝ፥ ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ፥ ጥልቀቱም ከበዛበት ስፍራ 20 ሜትር የሚያልፍ ሐይቅ ነው። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም፤ ሆኖም ውኃው ጨው አልሆነም። ዝዋይ ወይም ደምበል የሚባለው በስፋት ከአራት እጥፍ በላይ ይበልጠዋል፤ ጥልቀቱ ግን 9 ሜትር ያህል ብቻ ነው። መቂና ቀታር የሚባሉት ወንዞች ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ከእርሱ ወጥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል። ውኃው ጥልቅ ስላልሆነ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ቶሎ ይናወጣል። በደሴቶቹ የሚኖሩት የዛይ ሰዎች ይህን የነፋስ ጠባይ ከአባቶቻቸው ተምረው በታንኳ ይመላለሱበታል።

ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ ዓባያንና ጫሞን እናገኛለን። በዚያ አገር የዝናቡ ሥርዓት ይለያል፤ ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ስለሚወርድ፥ ሰኔ ሲገባ ወንዞቹ አስቀድመው ሞልተው ይገኛሉ። ዓባያ ከደጋው በሚወርደው ደለል ምክንያት መልኩ ቀይ ነው። ጫሞ አነስ ያለ ሲሆን ናይል ፐርች በሚባለው ታላቅ ዓሣ ስሙ የታወቀ ነው፤ ይህ ዓሣ ሲያድግ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሊመዝን ይችላል። ዛሬ ግን ከልክ በላይ ስለ ተሰገረ እንደ ቀድሞው አይገኝም። በነዚህ ሐይቆች ዓሣ የሚያሰግር ሰው ሌላም ባላንጣ አለበት፤ ዐዞና ጉማሬ ከውኃው አይጠፉምና።

ስለ ረግረጉም ጥቂት እንናገር። ደንገልና ፊላ የበቀለበትን የሐይቅ ዳር ብዙ ሰው እንደ ጠፍ መሬት ያየዋል። ነገር ግን የዓሣው ግልገል ከትልልቁ ዓሣና ከወፍ ተሸሽጎ የሚያድገው በዚያ ነው፤ ከደጋው የሚወርደውንም ደለል አጥልሎ የሚያስቀረው እርሱ ነው። ከሐዋሳ በስተ ምሥራቅ ያለው ጨለለቃ ቀድሞ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግ ሆኗል። በተራራው ላይ ያለው ዛፍ ሲቈረጥ አፈሩ ወደ ውኃው እንደሚወርድ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አያሻም። በአንዳንዱ ሐይቅ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም ውኃውን እየሸፈነ የጀልባ መንገድ ይዘጋል።

ይህን ሁሉ ከሰማን በኋላ ሽማግሌውን፥ «ይህን የሚያውቁ ሰው ከሆኑ ስለ ምን በዚህ ወር አያርፉም?» አልናቸው። መልሳቸውን እስከ ዛሬ አልረሳነውም። ልጆቻቸው በክረምትም እንደ በጋው እንደሚበሉ፥ በሰኔና በሐምሌ የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ገና በማሳ ላይ ስለሚሆን የጤፉም የበቆሎውም ዋጋ እንደሚወደድ፥ መረባቸውን በቤት ሰቅለው ቢቀመጡ ጎረቤታቸው ያንኑ ዓሣ እንደሚያወጣው ነገሩን። እውነትም ነገሩ ቀላል አይደለም። ዓሣው ዘሩን የሚተካበት ወር የሰውም ጎተራ የሚራቈትበት ወር ሆኖ ተገናኝቷል። ስለዚህ ዓሣ አስጋሪውን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

መንግሥት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315ን በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል። ሆኖም ሕግ ብቻውን በእያንዳንዱ ጀልባ ላይ ሊሳፈር አይችልም። የሚሻለው በማኅበር የተደራጁት አስጋሪዎች ሁሉ በአንድነት የሚስማሙበት ነገር ነው። ይኸውም የመረቡን ዐይን ማስፋት፥ በወንዝ አፍና በሣሩ ዳር መረብ አለመዘርጋት፥ በመረብ ዳሩን እየጠረጉ ግልገሉን አለማውጣት፥ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃውን አለመመረዝ ነው። አንዱ ሲያርፍ ሌላው የሚያሰግር ከሆነ ግን ያረፈው ብቻ ይጐዳል።

ከዚህ በላይ ኃይል ያለው ሌላ ዳኛ አለ፤ እርሱም ገዢ ነው። የገበያ ዘንቢል ያነገተች እመቤት የምትቀበለውን ዓሣ አስጋሪው ያመጣል፤ የማትቀበለውን አያመጣም። ስለዚህ ለእመቤቶቻችን የሚከተለውን ምክር እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ቆሮሶ አትግዙ። እንዲህ ያለው ገና ዘሩን ያልተካ ሊሆን ይችላልና፤ ደግሞም አጥንቱ እንጂ ሥጋው አይበዛም። ትንንሹን በርካሽ ከመግዛት ትልቁን አንዱን መግዛት ይሻላል።

ሁለተኛ፤ ሻጩን፥ «ወንድሜ፥ ይህ መቼ የወጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በዐይናችሁም መርምሩ። ደኅና ዓሣ ዐይኑ የጠራና ያበጠ፥ ስንጥቡ ቀይ፥ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ነው። ዐይኑ የጐደጐደና የፈዘዘ፥ ስንጥቡ የጠቈረ፥ ሽታው የከፋ ቢሆን ትታችሁት እለፉ። በክረምት ብርድ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ዓሣ ከሥጋ ይልቅ ቶሎ ይበላሻል። ከገዛችሁ በኋላ ሆድ ዕቃውን አውጥታችሁ በንጹሕ ውኃ እጠቡትና በዚያው ቀን ሥሩት።

ሦስተኛ፤ ዓሣውን በደንብ አብስሉት። በሐይቅ ዳር ጥሬውን በሎሚና በሚጥሚጣ የሚበሉ አሉ። ነገር ግን በነዚህ ሐይቆች ዓሣ ውስጥ ትል እንደሚገኝ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ሎሚም ትሉን ስለማይገድለው፥ ይልቁንም ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ጥሬ ዓሣ መስጠት አይገባም። ጎኑን በቢላዋ እየተለተሉ እስከ አጥንቱ መጥበስ፥ ወይም በሽንኩርትና በቲማቲም ጉላሽ መሥራት፥ ወይም ጭንቅላቱንና አጥንቱን ቀቅሎ ሾርባ ማውጣት መልካም ነው። ለሕፃን ሲሰጥ እናቲቱ ሥጋውን በጣቷ ዳስሳ አጥንቱን ትልቀም።

አራተኛ፤ የዓሣ ገበያ የሚደራው በጾም ወራት መሆኑ የታወቀ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት እንተወዋለን። ነገር ግን የሰኔ ጾም እስከ ሐምሌ 5 ቀን የሚቈይ ስለ ሆነና ይህም ከዓሣው መራቢያ ጋር ስለሚገናኝ፥ በዚህ ጊዜ ምስሩንና ሽሮውን ማዘውተር ለኪስም ለሐይቁም ይጠቅማል።

ለመዝናናት በመንጠቆ ዓሣ ለማጥመድ ወደ ሐይቅ የሚወርዱ አባቶችም ጥቂት ያስተውሉ። በክረምት መግቢያ ጧቱ ጸጥተኛ ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስና መብረቅ ይመጣል፤ ስለዚህ በጊዜ ወደ ዳር መመለስ ይገባል። ጉማሬ ከሚወጣበትና ከሚገባበት መንገድ መራቅ ያሻል። ልጆችንም በሣራሙ ዳር ውኃ ውስጥ እንዲንቦጫረቁ መፍቀድ አይገባም፤ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ በእንደዚህ ያለው ስፍራ ይኖራልና።

ከሐዋሳ ከመነሣታችን በፊት ሽማግሌውን ለመሰናበት ተመለስን። መረባቸውን በአጥር ላይ ዘርግተው ከልጅ ልጃቸው ጋር የተቀደደውን ሲጠግኑ አገኘናቸው። ልጁ ቀዳዳውን አጥብቦ ሲቋጥር አይተው፥ «ልጄ፥ ዐይኑን አታጥብብ፤ ትንሹ ይለፍ፤ አንተ ስታድግ ታገኘዋለህ» አሉት። እኛም ከዚህ የተሻለ መደምደሚያ ስለሌለን፥ ዓሣ ለምትገዙም ለምታሰግሩም ይህንኑ ቃል አደራ እንላለን። ትንሹ ይለፍ።