ኦርጋኒክ ወተት፣ መደበኛ ወተትና የማቆያ ጊዜያቸው፦ መለያው የሚናገረውና የማይናገረው

በአሜሪካ ትልልቅ የምግብ መደብሮች የወተት ማቀዝቀዣ ፊት የሚቆም ሸማች አንድ ያልተጠበቀ ነገር ያስተውላል። ጎን ለጎን ከተደረደሩት ወተቶች መካከል “ኦርጋኒክ” የሚል መለያ ያለው ዋጋው ከሌላው በብዙ ይበልጣል፤ በማሸጊያው ላይ የታተመው የመጠቀሚያ ቀን ግን ከመደበኛው ወተት ብዙ ሳምንታት ወደፊት የራቀ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ የሚወሰደው ግምት የተለመደ ነው፦ ኦርጋኒኩ የሚቆየው ንጹሕ ስለ ሆነ፣ መደበኛው ቶሎ የሚበላሸው ደግሞ አንዳች ባዕድ ነገር ስለ ገባበት ነው ይባላል። ይህ ግምት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን ያደባልቃል። አንዱ ላሟ እንዴት እንደ ተያዘች፣ ሌላው ወተቱ ከታለበ በኋላ ምን እንደ ተደረገበት የሚመለከት ነው። ኦርጋኒክ የሚለው ቃል የሚናገረው በአመዛኙ ስለ መጀመሪያው ነው፤ የመቆያ ጊዜን የሚወስነው ግን ሁለተኛው ነው።

በአሜሪካ መደበኛው ወተት በአብዛኛው ፓስቸራይዝ የሚደረገው በ72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለ15 ሰከንድ በማሞቅ ነው። ይህ ሙቀት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን ይገድላል፤ ሆኖም ወተቱን ሙሉ በሙሉ ከሕይወት ባዶ አያደርገውም። በስፖር መልክ የተሸፈኑ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከሙቀቱ ተርፈው በማቀዝቀዣ ውስጥ ቀስ በቀስ ይራባሉ። ከዚህም በላይ ሙቀቱን የማይቋቋሙት የሱዶሞናስ ዝርያዎች ከፓስቸራይዜሽን በኋላ በቱቦና በማሸጊያ መሣሪያ በኩል ተመልሰው ሊገቡ ይችላሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለው ወተት በደንብ ቢቀዘቅዝም የሚቆየው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ያህል ነው። ብዙ የኦርጋኒክ ወተት አቀነባባሪዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ከዚህ የተለየ ነው፤ ወተቱ ቢያንስ በ138 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ2 ሰከንድ ይሞቃል። በዚህ ሙቀት ስፖሮቹም ጭምር በአብዛኛው ይጠፋሉ፤ ያልተከፈተው ወተትም በማቀዝቀዣ ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። ይኸው ሙቀት ላይ ጀርም በማያስገባ ሁኔታ ማሸግ ሲጨመርበት ዩኤችቲ የሚባለውና ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት የሚቀመጠው የካርቶን ወተት ይገኛል።

አቀነባባሪዎቹ ይህን ዘዴ የመረጡበት ምክንያት ንግድ ነው። ኦርጋኒክ ወተት የሚያመርቱ እርባታዎች ቁጥራቸው አነስተኛ፣ አቀማመጣቸውም የተራራቀ ነው፤ ወተቱ ረጅም መንገድ ይጓዛል፣ ውድ ስለ ሆነም በመደርደሪያ ላይ ዘግይቶ ይሸጣል። ከዚህ አንጻር የተራዘመው ቀን የጥራት ምስክር ሳይሆን የትራንስፖርት መፍትሔ ነው። መደበኛ ወተትም በዚያው ሙቀት ቢቀነባበር እኩል ይቆያል፤ በ72 ዲግሪ ብቻ የሞቀ ኦርጋኒክ ወተትም እንደ ማንኛውም ወተት ቶሎ ይበላሻል። “ተፈጥሯዊ” ተብሎ በውድ የሚገዛው ወተት ከሁሉ ይበልጥ የተቀቀለው ሆኖ መገኘቱ ትንሽ የሚያስገርም ነው።

ታዲያ መለያው በሕግ ፊት የሚያረጋግጠው ምንድን ነው? በአሜሪካ የኦርጋኒክ ምግብ አመራረት ሕግ የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ብሔራዊ ደንቡ ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ የዋለው በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። መኖው የሚበቅልበት መሬት ለሦስት ዓመታት ከተከለከሉ ማዳበሪያዎችና ፀረ ተባይ መድኃኒቶች ነጻ መሆን አለበት። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ላሞቹ በግጦሽ ወቅት ቢያንስ ለ120 ቀናት እንዲሰማሩ፣ በዚያም ወቅት ከደረቅ መኖ ይዘታቸው ቢያንስ 30 በመቶውን ከግጦሽ እንዲያገኙ ደንቡ ያስገድዳል። በአንቲባዮቲክ የታከመች ላም ከኦርጋኒክ መንጋው ለዘለቄታው ትወጣለች። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ በዚህ ነጥብ ይለያል፤ ሕክምናውን በገደብ ይፈቅድና ላሟ ከታከመች በኋላ ወተቷ የማይሸጥበትን ጊዜ በእጥፍ ያስረዝማል። የትኛው ለእንስሳዋ ይሻላል የሚለው በእርግጥ አከራካሪ ነው። የታመመች ላም እንዳትባረር በሚል ሕክምናዋ ሊዘገይ የሚችልበት የአሜሪካው ሥርዓት ከደኅንነቷ አኳያ የራሱ ድክመት አለው።

ሸማቾች ብዙውን ጊዜ “መደበኛ ወተት አንቲባዮቲክ አለበት” ብለው ይሰጋሉ። በአሜሪካ ግን ወደ ማቀነባበሪያ የሚገባ እያንዳንዱ የወተት ቦቴ፣ ኦርጋኒክም ሆነ መደበኛ፣ ከፔኒሲሊን ቤተሰብ ለሆኑ መድኃኒቶች ቅሪት ይመረመራል፤ ከተፈቀደው መጠን በላይ የተገኘበት ጭነት ለምግብነት እንዳይውል ይደረጋል። የወተት ምርትን የሚጨምረው ሰው ሠራሽ የዕድገት ሆርሞንም እንዲሁ ያነጋግራል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1993 እ.ኤ.አ. ፈቅዶታል፤ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በእንስሳት ጤናና ደኅንነት ምክንያት ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አግዶታል። ኦርጋኒክ ወተት ውስጥ አጠቃቀሙ ክልክል ነው፤ ይሁንና በርካታ መደበኛ ወተት አቅራቢዎችም በሸማች ግፊት ትተውታል።

በንጥረ ምግብ ረገድ ያለው ልዩነት እውነተኛ ቢሆንም ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያደላ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በብሪቲሽ ጆርናል ኦፍ ኒውትሪሽን የታተመ የብዙ ጥናቶች ጥምር ትንተና ኦርጋኒክ ወተት ከመደበኛው 56 በመቶ ያህል የበለጠ የኦሜጋ 3 ስብ እንዳለው አሳይቷል። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፤ ሆኖም የወተት ስብ ከመነሻው የያዘው የኦሜጋ 3 መጠን ጥቂት በመሆኑ፣ ጭማሪው በዕለታዊ ምግብ ውስጥ የሚኖረው ድርሻ ውሱን ነው። ምንጩም መለያው ራሱ ሳይሆን ላሟ የበላችው ለምለም ሣርና የጥራጥሬ ወገን የሆነ መኖ ነው። በጎተራ እህል ያልተቀለበች፣ በሜዳ የዋለች ማንኛዋም ላም ተመሳሳይ ወተት ትሰጣለች።

ይኸው ትንተና ብዙም ያልተነገረለት ሌላ ውጤት አለው፦ የኦርጋኒክ ወተት የአዮዲንና የሴሊኒየም ይዘት ዝቅተኛ ነው። ቀደም ሲል በ2012 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የታተመ ጥናትም በኦርጋኒክ ወተት ውስጥ ያለው አዮዲን ከመደበኛው በ42 በመቶ ያህል አንሶ መገኘቱን ዘግቧል። ምክንያቶቹ ይታወቃሉ። በመደበኛ እርባታ ለላሞች የሚሰጠው የማዕድን ድብልቅ አዮዲን በብዛት ይይዛል፤ በኦርጋኒክ ማሳ የናይትሮጅን ምንጭ ሆኖ የሚዘራው ነጭ ክሎቨር ደግሞ የአዮዲንን መተላለፍ የሚያውኩ ውሕዶች አሉት። ለጤናማ ጎልማሳ ይህ ላያሳስብ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት በቀን 250 ማይክሮግራም አዮዲን እንድታገኝ ለሚመክራት ነፍሰ ጡር፣ በተለይም አዮዲን ያለው ጨው በማይዘወተርበትና ወተት ዋነኛ የአዮዲን ምንጭ በሆነበት አገር ለምትኖር፣ ጉዳዩ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ የፅንሱ የአእምሮ ዕድገት በእናቱ አዮዲን ላይ ይመሠረታልና። ለጽንሱ ይበጃል ተብሎ ኦርጋኒክ ወተት መግዛት የተለመደ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ አሳሳቢ ያደርገዋል።

ወተቱ ቤት ከገባ በኋላ ልዩነቱ ይጠፋል ማለት ይቻላል። የቱም ዓይነት ወተት በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በታች መቀመጥ ይኖርበታል። ብዙ ሰው ወተት የሚያኖርበት የማቀዝቀዣው በር ግን በተከፈተ ቁጥር ስለሚሞቅ ከሁሉ የከፋው ቦታ ነው፤ የተሻለው በታችኛው መደርደሪያ ወደ ውስጥ ገፋ ያለው ስፍራ ነው። ግልጽ በሆነ ጠርሙስ የተያዘ ወተት ብርሃን ሲመታው ራይቦፍላቪን የተባለው ቪታሚን ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ይለወጣል። ወደ ማሰሮ ወይም ወደ ብርጭቆ የተቀዳ ትርፍ ወተትን ወደ ማሸጊያው መመለስ አይገባም። የታተመው ቀን ያልተከፈተ ማሸጊያን ብቻ የሚመለከት ነው፤ ካርቶኑ ከተከፈተ በኋላ የሁለት ወር ቀን የተጻፈበትም ሆነ የሁለት ሳምንት፣ በሳምንት ገደማ ውስጥ ቢጠጣ ይመረጣል። በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት በወተት ላይ ቀን እንዲጻፍ አያስገድድም፤ ደንቡ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል፣ የሚጻፈውም በአብዛኛው ስለ ጣዕም እንጂ ስለ ደኅንነት የሚናገር አይደለም።

ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተሰቦች በዚህ ላይ የራሳቸው የሆነ ችግር ይገጥማቸዋል። በአገር ቤት ጥሬ ወተት በቅል ወይም በጮጮ ሲቀመጥ በውስጡና በዕቃው ግድግዳ ላይ ያሉ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ወደ እርጎ ይለውጡታል። አሲዱም ሌሎች ተሕዋስያንን ያፍናል። ፓስቸራይዝ የተደረገ ወተት ግን እነዚህን ባክቴሪያዎች አጥቷል፤ ሲበላሽ የሚረከቡት ቅዝቃዜ የሚችሉትና ፕሮቲን የሚበሉት ተሕዋስያን ናቸው። ስለዚህ ይመርራል ወይም ይሸታል እንጂ እርጎ አይሆንም፤ “ረግቶልኛል” ብሎ መጠጣትም ስሕተት ነው። እርጎ የሚፈልግ ሰው ሕያው ባክቴሪያ ያለበት እርጎ በእርሾነት መጨመር ይኖርበታል። ቅቤ ለመናጥ የሚሞክርም ብዙ ጊዜ ይደክማል፤ የመደብር ወተት የስብ እንክብሎቹ በከፍተኛ ግፊት ተሰባብረው የተበተኑ ስለ ሆኑ፣ የቱንም ያህል ቢናጥ ቅቤው አይወጣም። እጅግ በከፍተኛ ሙቀት ባለፈው ወተት ውስጥ የአጓቱ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን ለውጠው ከኬዚን ጋር ይያያዛሉ፤ በርኔት ሲረጋ የሚወጣው ልል ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ በ72 ዲግሪ ብቻ የሞቀና ስቡ ያልተሰባበረ ወተት ፈልጎ መግዛት የተሻለ ነው፤ ኦርጋኒክ መሆን አለመሆኑ እዚህ ላይ ለውጥ የለውም።

በኢትዮጵያ ውስጥ ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 488/1998 ቢወጣም፣ የከተማው ሸማች “የተፈጥሮ ወተት” ሲል የሚያስበው በሰነድ የተመሰከረለትን አይደለም፤ ከሚያውቀው ሰው ቤት፣ ከሚያውቃት ላም የታለበ ጥሬ ወተት ነው። በጥሬ ወተት የሚተላለፉት የከብት ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ መፍትሔያቸው ቀላል ነው፦ ወተቱን ማፍላት። በወይራ ጭስ የታጠነ ዕቃም ጥሩ ሽታ ከመስጠቱ ባሻገር የተሕዋስያንን ዕድገት ያዘገያል፤ በጾም ወራት የሚተርፈው ወተት እስኪናጥ ድረስ እንዲቆይ ካስቻሉት ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነው። ማጠን ግን ማፍላትን አይተካም።

ማፍላትም ሆነ ማጠን የማይነካው አደጋ ከመኖው ይመጣል። ሻጋታ በያዘው ፋጉሎ ወይም እህል ላይ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን ቢ 1 በላሟ ጉበት ተለውጦ በአንድ ቀን ውስጥ አፍላቶክሲን ኤም 1 ሆኖ ከወተቷ ጋር ይወጣል። ይህ ለካንሰር ሊያጋልጥ የሚችል መርዝ ሙቀትን ይቋቋማል፤ በፓስቸራይዜሽንም በማፍላትም አይጠፋም። በ2016 እ.ኤ.አ. ፉድ ኮንትሮል በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና አካባቢዋ የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን መርምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረት ከፈቀደው በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ያልበለጡት 9 ብቻ መሆናቸውን አግኝቷል። አሜሪካ ከምትቀበለው 0.5 ማይክሮግራም የበለጡት 29 ነበሩ። በመኖ በኩል ከፍተኛው ብክለት የታየው በኑግ ፋጉሎ ላይ ነው። መርዙ ከኬዚን ጋር ስለሚጣበቅ ከተበከለ ወተት የሚሠራ አይብ ከወተቱ የበለጠ ክምችት ይይዛል፤ ወደ ቅቤ የሚያልፈው ግን ጥቂት ነው።

የኦርጋኒክ ደንብ ይህን አደጋ በቀጥታ አይከላከልም። ኑጉ ያለ ኬሚካል ተዘርቶ ፋጉሎው በእርጥብ መጋዘን ቢከማች ሻጋታው ያው ነው። ወሳኙ ነገር የኑጉ ዘር በደንብ መድረቁ፣ ፋጉሎው ከመሬት ከፍ ብሎ አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ መቀመጡና የሻገተው ለላም አለመሰጠቱ ነው። የተበከለው መኖ ሲቋረጥ በወተቱ ውስጥ ያለው ኤም 1 በሦስትና በአራት ቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይጠፋል።