አንቆ የታረቀ፣ አብልቶ የራቀ

ፒታ የካትኒስን አንገት ጨምድዶ ሊገድላት ምንም አልቀረው። ጌል ግን እሷ በሌለችበት ጫካ ወርዶ እያደነ እናቷንና እህቷን ያበላ፣ መንደራቸው በቦምብ ሲጋይም ከእሳቱ ያወጣቸው ሰው ነው። በመጨረሻ ከካትኒስ ጋር ጎጆ የቀለሰው አናቂው ነው። ያበላው ወደ ሌላ አውራጃ ሄዶ በዚያው ቀረ። የሱዛን ኮሊንስን «ዘ ሀንገር ጌምስ» ሦስት ቅጾች ካነበብኩ ወዲህ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ላነብ ነው የሚል ካለ እዚህ ላይ ያቁም፤ መጨረሻውን ሳልናገር ይህን ማውራት አልችልም።

ዘመኑ ገና ያልመጣ ነው፤ አገሩ በሰሜን አሜሪካ ፍርስራሽ ላይ የቆመችው ፓነም። ካፒቶል የተባለው ዋና ከተማ ከ12 አውራጃዎች በየዓመቱ አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ በዕጣ እየወሰደ 24ቱን ያጋድላል፤ ፍልሚያውም በቴሌቪዥን ይታያል። በሕይወት የሚወጣው አንድ ነው። የ16 ዓመቷ ካትኒስ የገባችው ዕጣ የወጣባትን ታናሽ እህቷን ፕሪምን ተክታ ነው። ከአውራጃዋ አብሯት የገባው ደግሞ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ፒታ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የመጨረሻው በ2010 ታተመ።

ሁለቱም ከፍልሚያው ይተርፋሉ፤ በኋላ ግን አውራጃዎቹ በካፒቶል ላይ ሲያምፁ ፒታ በካፒቶል እጅ ይወድቃል። እዚያም በተርብ መርዝ እያደነዘዙ ትዝታውን አንድ በአንድ ይበክሉበታል፤ ካትኒስ በአእምሮው ውስጥ ጭራቅ ትሆናለች። ነፃ ወጣ ሲባል ልታቅፈው ስትሮጥ አንገቷን ያዘ። እንግዲህ ከዳተኛው ማነው? እጁ የእሱ ነው፤ ሐሳቡ ግን የሌላ።

ኮሊንስ ይህን በእንባና በይቅርታ ንግግር አልፈታችውም። ጃክሰን የተባለች ወታደር ዘዴ ታበጃለች፦ ፒታ እውነት ይሁን የተተከለበት ውሸት ያልለየውን ትዝታ ሁሉ ጮክ ብሎ ይጠይቅ፤ ጓዶቹ እውነት ነው ወይም አይደለም ይበሉት። ካትኒስ የምትወደው ቀለም አረንጓዴ መሆኑን ሳይቀር እየጠየቀ ነው ራሱን መልሶ የሚገነባው። ይህ ጨዋታ እስካሁን ካነበብኳቸው የእርቅ ትዕይንቶች ሁሉ በልጦብኛል። ምክንያቱም ጥያቄው ወደ ተበዳይዋም ይዞራል። ካትኒስ በመጀመሪያው ፍልሚያ ለካሜራ ስትል ፍቅር ተጫውታለች፤ ፒታ ግን ከልቧ መስሎት ነበር። እውነቱን መመለስ ካለባት ይህንንም መመለስ አለባት። ሁለቱም ዕዳ አለባቸው።

የጌል ነገር ሌላ ነው። ከፈጠራ ባለሙያው ቢቲ ጋር ሆኖ አንድ ወጥመድ ያወጣል፤ ቦምቡ መጀመሪያ ይፈነዳል፣ ሰዎች ቁስለኛ ሊያነሱ ሲሮጡ ሁለተኛው ይፈነዳል። አባቷ ቬትናም የዘመተ የአየር ኃይል መኮንን የነበረው ኮሊንስ ይህን ከምናቧ ብቻ አላመጣችውም፤ ረዳት የሚደርስበትን ሰዓት ጠብቆ ደግሞ መምታት በእውነተኛ ጦርነትም ያለ ስልት ነው። በጦርነቱ ማብቂያ ካፒቶል ውስጥ በሕፃናት መሃል እንዲህ ያለ ቦምብ ወደቀ። ልታክም የሮጠችው ፕሪም በሁለተኛው ፍንዳታ ሞተች። ካትኒስ የእሱ ቦምብ እንደሆነ ስትጠይቀው፣ ጌል አላውቅም ከማለት በቀር መልስ የለውም።

መጻሕፍቱን ያስነበበችኝ የእህቴ ልጅ ለጌል ጠበቃ ናት። «አክስቴ፣ ቦምቡን የጣለው እሱ ነው እንዴ?» ትለኛለች ቡናው ሳይወጣ ገና። አይደለም። ፍርድ ቤት ቢቀርብ ነፃ ይወጣ ነበር። እኔ የምላት ግን የፒታ ጥያቄ መልስ አለው፣ የጌል ጥያቄ መልስ የለውም ነው። ሰው የሆነውን ካወቀ ይቅር ለማለትም ላለማለትም መነሻ ያገኛል። እዚህ ግን በመካከላቸው የቀረው ጥርጣሬ ነው፤ ጥርጣሬ ደግሞ ይቅር አይባልም። ካትኒስ አልከሰሰችውም፣ እሱም አልለመናትም።

«ታዲያ ኮይንን ለምን ገደለቻት?» ብላ ያዘችኝ። እውነቷን ነው። የአማፂያኑን መሪ ኮይንን ካትኒስ በቀስት የገደለቻት ቦምቡን ያዘዘችው እሷ ናት ብላ አምና እንጂ ማስረጃ ይዛ አይደለም። ለዚህ መልስ አላገኘሁም፤ ቡና ጨምሪልኝ ብዬ አለፍኩት።

ሌላም ያስተዋልኩት አለ። በእኛ ዘንድ ሰው እንዲህ ሲቃቃር ሽማግሌ ይላካል፤ በዳይና ተበዳይ በሰው ፊት ይነጋገራሉ፣ ካሳም ካለ ይቆረጣል። በእነዚህ ልብ ወለዶች ግን መሃል የሚቀመጥ ታላቅ ሰው የለም። የካትኒስ አሰልጣኝ ሄይሚች ራሱ ፒታን አተርፍልሻለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ያታለላት ሰካራም ነው። ትልልቆቹ የክህደቱ ባለቤቶች ስለሆኑ እርቁን ልጆቹ በራሳቸው እጅ መሥራት አለባቸው፤ አንዳንዱም ሳይሠራ ይቀራል።

በቬሮኒካ ሮት «ዳይቨርጀንት» ውስጥ ነገሩ የእናት ልጅ ጋ ይደርሳል። ቺካጎ በአምስት ወገን ተከፍላለች፤ ወገን ከደም ይቀድማል የሚለው መፈክራቸው ነው። ካሌብ ይህን አምኖ እህቱን ትሪስን ለገዳዮቿ አሳልፎ ይሰጣታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሦስተኛ ቅጽ ገብቶ መውጣት ወደማይታሰብበት ተልእኮ የሚሄድ ሰው ሲፈለግ ካሌብ እኔ አለ። ይህ ፍቅር ይሁን ከጸጸቱ መሸሻ፣ ትሪስ እርግጠኛ አይደለችም። በመጨረሻው ደቂቃ ትሪስ መሣሪያ ደግና የተልእኮውን ሻንጣ ተቀበለችው፤ በእሱ ፈንታ ገብታም ሞተች። ብዙ አንባቢ በደራሲዋ ላይ የተቆጣው ያኔ ነው። ከመግባቷ በፊት ግን ለምትወደው ለቶቢያስ ልትለየው እንዳልፈለገች እንዲነግርላት አደራ ያለችው ካሌብን ነው። የእህቴ ልጅ «ሌላ ሰው አጠገቧ ስላልነበረ ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ለሸጣት ወንድም የመጨረሻ ቃሏን ማስያዟ ይቅርታ ካልሆነ ምን ሊባል ነው እላለሁ።