ክዳን ወይስ ማሞቂያ? የመዋኛ ገንዳና የፀሐይ ኃይል

በግቢው የመዋኛ ገንዳ ያሠራ ሰው ዘወትር የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ውሃ በማግስቱ ማለዳ ስለምን ይቀዘቅዛል? ብዙዎች መፍትሔውን ከትልቅ ማሞቂያ ይጠብቃሉ። ወጪው ከመውጣቱ በፊት ግን ጥቂት ስሌት ማድረግ ይበጃል።

ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 4፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር የሆነ ገንዳ 48,000 ኪሎግራም ውሃ ይይዛል። የ1 ኪሎግራም ውሃን ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ለማድረግ 4.2 ኪሎጁል ስለሚያስፈልግ፣ ለገንዳው በጠቅላላ 200 ሜጋጁል ወይም 56 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ይጠይቃል። ይህም 3.5 ኪሎዋት የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለ16 ሰዓት ያለማቋረጥ ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል ነው። ለ1 ዲግሪ ብቻ!

በሌላ በኩል፣ በአንድ ጥሩ ፀሐያማ ቀን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 5 ኪሎዋት-ሰዓት የፀሐይ ኃይል ያርፋል ብንል፣ የ32 ካሬ ሜትሩ የውሃ ገጽ 160 ኪሎዋት-ሰዓት ይቀበላል። እንግዲህ ገንዳው ራሱ ሰፊ ሙቀት ሰብሳቢ ነው። ታዲያ የሰበሰበው ሙቀት ወዴት ይሄዳል?

መልሱን ከእንስራ እናገኛለን። በሸክላው ስስ ቀዳዳዎች የሚወጣው ውሃ ሲተን ሙቀትን ከቀሪው ውሃ ስለሚወስድ የእንስራ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ከገንዳውም በአንድ ቀንና ሌሊት 5 ሚሊሜትር ውሃ ቢተን 160 ኪሎግራም ይሆናል። እያንዳንዱ ኪሎግራም 2.45 ሜጋጁል ያህል ይዞ ስለሚሄድ፣ ገንዳው 109 ኪሎዋት-ሰዓት ያጣል፤ ወደ 2 ዲግሪ ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ነፋስና ደረቅ አየር ሲታከሉበት ኪሣራው ያይላል።

ስለዚህ ቀዳሚው ማሞቂያ ክዳን ነው። በውሃው ገጽ ላይ የሚነጠፍ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ፀሐይን ያስገባል፤ ትነትን ይገታል። ሆኖም ሕፃን ከሥሩ ሊገባ ስለሚችል ከመዋኘት በፊት ፈጽሞ መነሣት አለበት።

ክዳኑ ካልበቃ በጣሪያ ላይ የሚዘረጉ ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦዎች ይጨመራሉ፤ ፓምፕ የገንዳውን ውሃ በውስጣቸው ያዘዋውራል። እነዚህ እንደ መታጠቢያ ውሃ ማሞቂያ መስታወት አያሻቸውም። ወደ አየር የሚባክነው ሙቀት በሰብሳቢውና በአየሩ የሙቀት ልዩነት ስለሚወሰንና ልዩነቱም እዚህ ጥቂት ስለሆነ፣ መስታወቱ የብርሃኑን ከፊል በከንቱ ይመልሳል። ከቱቦው የሚወጣው ውሃ ለብ ያለ ብቻ መሆኑን አይተው መሣሪያው አይሠራም የሚሉ አሉ። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ብዙ ውሃ በጥቂት ዲግሪ እየሞቀ በፍጥነት ሲያልፍ የሚባክነው ሙቀት ያነሰ ይሆናል።

አንባቢ ይህን በቤቱ ሊፈትነው ይችላል። በሁለት እኩል ሳፋዎች እኩል ውሃ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ያኑር፤ አንዱን ውሃውን በሚነካ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ይሸፍን፤ ማታና በማግስቱ ማለዳ በቴርሞሜትር ይለካ። በሁለቱ መካከል የሚያገኘው ልዩነት ትነት የወሰደበት የፀሐይ ኃይል ነው።