ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ

ከባሕር ዳር በጀልባ ለሚነሣ እንግዳ ስለ ጣና ገዳማት ብዙውን ጊዜ የሚነገረው የሥዕላቸው ውበት ነው። በዙሪያው ያደግን ሰዎች ግን ዓይናችን የሚያርፈው ዕቃ ቤቱ ላይ ነው። ጠጋ በሉ ልንገራችሁ፤ ከአገራችን ጥንታውያን ቤተ መጻሕፍት ጥቂቶቹ እዚያ ውስጥ ናቸው።

ለከተማው ቅርብ የሆነውን ክብራን ገብርኤልን እንውሰድ። ገዳሙ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ዘዮሐንስ የተመሠረተ ሲሆን እስከ ዛሬ ሴት አይገባበትም። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። መጻሕፍቱ ግን ለብቻቸው ናቸው። ጧፍ በሚበራበትና ዕጣን በሚታጠንበት፣ ያውም ሣር ክዳን በነበረ ቤት ውስጥ ብራና ማከማቸት ምን እንደሚያሰጋ አባቶች ያውቁ ነበር። ስለዚህ ዕቃ ቤት በጥቅሉ ወፍራም ግድግዳና ጠባብ በር ያለው፣ ብርሃን የማያበዛ ቤት ነው። በብዙ ገዳማት ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይቀመጥም።

ውስጡ መደርደሪያ የምትጠብቁ ከሆነ ትገረማላችሁ። መጽሐፉ ቆዳ ማኅደሩን ለብሶ፣ በማንገቻው ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። አይጡም ምስጡም የሚመጣው ከመሬት ነውና! የሐይቁ እርጥበት ደግሞ ሌላ ጠላት ነው፤ ብራና እርጥበት ሲያገኘው ይጠማዘዛል። ከላይና ከታች ያለው የእንጨት ገበታ አጥብቆ የሚይዘው ለዚህ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። የእነዚህ ቤቶች መዝገብ ብዙ ጊዜ ያለው ወንጌሉ ውስጥ ነው። ባዶ በቀረው ቅጠል ላይ የመጻሕፍቱ ዝርዝር፣ የንዋየ ቅድሳቱ ቆጠራ፣ ነገሥታት የሰጡት የጉልት መሬት ከነምስክሮቹ ስም ይጻፋል። ወንጌልን የሚደፍር ሰው አይገኝም ተብሎ ስለሚታመን፣ ከዚያ የተሻለ ካዝና አልነበረም። ጀርመናዊው ምሁር ኤርነስት ሐመርሽሚት በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የጣናን ብራናዎች በማይክሮፊልም አንሥቶ፣ የክብራንን ዝርዝር በ1973 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። የዘመናዊ ካታሎግ ሥራው የእርሱ ቢሆንም፣ ቆጠራውን የጀመሩት መነኮሳቱ ናቸው።

የሚያሳስበኝን አልደብቃችሁም። ለእንግዳ ሁልጊዜ የሚገለጠው ያው ሥዕል ያለበት ገጽ ነው፤ ጠርዙን ብታዩት በጣት ወዝ ጠቁሯል። የፎቶ ብልጭታም ቀለሙን እንዳይጎዳ እሰጋለሁ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ማኅደሩ ውስጥ ሆኖ ቢሰነብት እመርጣለሁ። ከሄዳችሁ ግን ካሜራውን አስቀምጡና አባን በትሕትና፣ «አባታችን፣ ሥዕሉ ይቆየን፤ ከኋላ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡልን» በሏቸው። ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ማን የትኛውን መሬት እንደሰጠና ማን እንደመሰከረ ከራሱ ከብራናው ትሰማላችሁ።